ከከርቤ ሙጫ እስከ ሕዋስ አስኳል

ከክብረ መንግሥት ደን ተነሥቶ ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርድ መንገደኛ፣ ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ ግራርና እሾሃም የከርቤ ዛፍ ያገኛል። የቆላው ሰው ከቅርፊቱ የሚወጣውን ሙጫ ለቅሞ ይሸጣል፤ በየቤቱም ለጢስና ለቁስል ይውላል። እንዲህ ያለው ሙጫ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? የሚሠራ ከሆነስ መድኀኒት ነው ማለት ይቻላልን?

በሕዋሶቻችን ውስጥ የአስኳል ተቀባዮች የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ በሰው ዘንድ ቁጥራቸው 48 ነው። ተቀባዩ የሚስማማውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ቅርጹን ይለውጥና በዘረ መል ላይ ሆኖ አንዱ ፕሮቲን እንዲሠራ፣ ሌላው እንዲቀር ያዝዛል። ከቪታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ የሻንጋይ ሐኪሞችም አንድ ዓይነት የደም ካንሰርን በእርሱ ማከማቸውን እ.ኤ.አ. በ1988 ገልጠዋል።

የከርቤ ዛፍ ኮሚፎራ ከሚባለው ወገን ነው። ከዚሁ ወገን በሕንድ ደረቅ ምድር የሚበቅል ጉጉል የሚባል ዛፍ አለ፤ ሙጫው በጥንቱ የሕንድ ሕክምና ለውፍረትና ለቁርጥማት ይታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ሳትያቫቲ የተባሉ የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የጥንቱን ጽሑፍ ተከትለው ሙጫውን በጥንቸሎች ላይ ፈተኑና የደም ስብን እንደሚቀንስ አሳዩ። በ2002ም ጉጉልስቴሮን የተባለው የሙጫው ንጥረ ነገር፣ የሐሞት አሲድን የሚቀበለውን ኤፍ ኤክስ አር የተባለ የአስኳል ተቀባይ እንደሚያግድ ታወቀ። ነገሩ የተፈታ መሰለ።

ይሁን እንጂ በ2003 በታተመ ጥናት፣ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 103 ሰዎች በአሜሪካ ለ8 ሳምንት ተፈተኑ። ጉጉል በወሰዱት ላይ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በ4 እና በ5 በመቶ ጨመረ፤ ባዶ እንክብል በወሰዱት ላይ ግን በ5 በመቶ ቀነሰ። ጉጉል ከወሰዱትም በአንዳንዶቹ ቆዳ ላይ ሽፍታ ወጣ።

ከዚህም በላይ ጉጉልስቴሮን ፒ ኤክስ አር የተባለውን ሌላ ተቀባይ ያነቃል። ይህ ተቀባይ ሲነቃ በጉበት ውስጥ እንግዳ ነገርን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ይበዛሉ፤ በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው የሚውጠው ሌላ መድኀኒት ሥራውን ሳይፈጽም ሊፈርስ ይችላል። በደጋችን የሚበቅለው አሜጃ ዘመድ የሆነ አንድ የአውሮፓ ተክል ይህንኑ ተቀባይ የሚያነቃ ሃይፐርፎሪን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ተክሉ ኢንዲናቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኀኒት በደም ውስጥ ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰው በ2000 ታይቷል።

ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት ይገባናል። አንደኛ፣ ዝምድና አንድነት አይደለምና የጉጉል ዝና ለከርቤ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ተቀባይን መንካት ሕመምተኛን መፈወስ አይደለም። የባላገሩን ዕውቀት አንናቅ፤ የሳትያቫቲም ምርምር የተነሣው ከእንዲህ ያለው ዕውቀት ነው። ነገር ግን ሙጫም ሆነ ቅጠል በጥብጦ የሚጠጣ ሕመምተኛ ሲገጥመን፣ ከማመስገንም ከመንቀፍም በፊት «ሌላ ምን መድኀኒት ይወስዳሉ?» ብለን እንጠይቅ።