የጭሮ ከተማ ቆርቋሪና የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት

የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ርዕሰ ከተማ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የተቆረቆረችው የጨርጨር አውራጃ ገዥ በነበሩት በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱትም እኚሁ አስተዳዳሪ ናቸው።

በሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ቴአትርን በአውሮፓ ተመልክተዋል። በአዲስ አበባ ቴአትር ተብሎ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ ስላገኙት፣ ምንነቱን በተግባር ለማሳየት በ1910ሮቹ ዓ.ም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። መነሻ የሆናቸው የፈረንሳዊው ላፎንቴን የእንስሳት ተረት ነው።

እንስሳትን ማናገር ማንንም በስም ሳይጠሩ ብልሹ አሠራርን ለመተቸት ያስችላል። ይሁን እንጂ ተውኔቱን የተመለከቱት መኳንንትና ሹማምንት ትችቱ በማን ላይ እንዳነጣጠረ አልጠፋቸውም። በዚህም የተነሳ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ቴአትር እንደገና የተነቃቃው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ነው።

ደራሲው በዚያው ዓመት የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። አስተዳደርን በመድረክ የተቹትም፣ በሕግ ሊያስተካክሉት የሞከሩትም በውስጡ ያገለገሉ ሹም ነበሩ። የተውኔት ሥራውን ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» በተሰኘው ድርሰታቸው ቀጥለውበታል።