ግላኮማ፦ መለያው የማይናገረው የነርቭ ጉዳት

በብዛት የሚታየው የግላኮማ ዓይነት አያምም። መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር እይታ ስለሆነ ታማሚው ከፊቱ ያለውን እያየ ዓመታት ይኖራል፤ አንዱ ዓይን ያጣውን ሌላው ይሸፍንለታል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ የሞተ የዓይን ነርቭ ግን አይመለስም። ስለዚህ እይታው የቀነሰበት ሰው «ሞራ ነው፣ እስኪበስል ልጠብቅ» ካለና በሽታው ግላኮማ ከሆነ፣ እየጠበቀ ነርቩን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሹን ሞራ ሲይዝ ግላኮማ 5.2 በመቶ ያህል ነበረው።

ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት አንድ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች በዓይን ጀርባ በአንድ ክብ ቦታ ተሰብስበው ይወጣሉ። ክቡ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሲኒ በማስቀመጫው ላይ ሆኖ ከላይ ሲታይ ይመስላል። ክሮቹ ሲሞቱ ሲኒው ይሰፋል፣ ጠርዙ ይሳሳል። ሐኪሙ የዓይንን ጀርባ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦፍታልሞስኮፕ፣ አይቶ የሲኒውን ስፋት ከክቡ ጋር በማነጻጸር ቁጥር ይሰጠዋል። በብዙ ጤነኛ ዓይን 0.3 አካባቢ ነው፤ 0.7 ሲደርስ ያጠራጥራል፤ 0.9 ከሆነ ከነርቩ የተረፈው ጥቂት ነው።

ይህ ቁጥር ከታማሚው የሕክምና ካርድ አልፎ ወደ ጤና ተቋሙ ሪፖርት አይሄድም። ወደ ሪፖርት የሚሄደው የበሽታው መለያ ኮድ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አሥረኛ የበሽታዎች ምደባ ግላኮማ «ኤች 40» ይባላል፤ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን ክፍት የሆነበት «ኤች 40.1»፣ ማዕዘኑ የተዘጋው «ኤች 40.2» ነው። ሲኒው 0.6 የሆነውም 0.95 የሆነውም ታማሚ በዚያው «ኤች 40.1» ይመዘገባሉ። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው፣ በዓይን ሌንስ ላይ ከሚከማች ነጭ ብናኝ ጋር የሚመጣው ዓይነትም እዚያው ውስጥ ይጠፋል። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሚጠቀሙበት የራሳቸው ቅጂ የጉዳቱን ደረጃ የሚያሳይ ተጨማሪ አሃዝ አስገብተዋል፤ ግላኮማ ላመጣው የነርቭ መክሳትም ለብቻው «ኤች 47.23» አላቸው። የእነሱ አሠራር ከኢንሹራንስ ክፍያ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እንዳለ ይቀዳ አልልም። የባሰው ስሕተት ሌላ ነው፦ ማየት ላቆመ ሰው «ኤች 54»ን፣ ማለትም የእይታ ማጣትን፣ ብቻ ጽፎ መተው። ያን ጊዜ ዓይነ ስውሩ ይቆጠራል፣ ግላኮማው አይቆጠርም።

በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ደግሞ ታማሚው አንድ ቦታ አይቆይም። የአውበሬና የቀብሪበያህ ሰው ጅግጅጋ ወዳሉት ካራማራ ወይም ሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ይመጣል። የሽንሌው ሰው የሚቀርበው ድሬዳዋ ነው። የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርጌሳ ሊታከም ይችላል። በግላኮማ ሕክምና ወሳኙ ጥያቄ «ካለፈው ጊዜ ብሷል ወይ?» የሚለው ነው፤ ያለፈው ልኬት ሌላ ከተማ በቀረ ካርድ ላይ ከሆነ፣ አዲሱ ሐኪም የዓይን ግፊትን ለመቀነስ የታዘዘው ጠብታ እየሠራ መሆኑን በምን ያውቃል? ግፊቱ ዛሬ 18 ስለሆነ ብቻ ነርቩ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ፣ ይልቁንም ወላጅዎ ወይም እኅት ወንድምዎ ግላኮማ ካለበት፣ ዓይንዎን ይታዩ። ሲወጡም የሁለቱም ዓይኖች ግፊት፣ የሲኒው ስፋትና የእይታ መጠን ከነቀኑ በወረቀት እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ወደሚሄዱበት ሁሉ ይያዙት።