የባሕር ኃይሉ አዛዥና የ1966 ዓ.ም. ማዕበል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ሁሉ በከሚሴ አጠገብ የተዘረጋውን የጨፋን ሸለቆና የቦርከናን ወንዝ ያውቃል። በበጋ ወራት የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን እየነዱ ወደዚያ ለምለም መስክ ይወርዳሉ። ቦርከና ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ በበረሃ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ሸለቆውን አቋርጦ የሚያልፈው አውራ መንገድ ግን ከኮምቦልቻ ወዲያ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ አሰብ፣ ሁለተኛው በደሴና በአስመራ በኩል ወደ ምጽዋ ያደርስ ነበር። የዛሬው ንግግራችን በዚህ መንገድ ጫፍ ስለ ነበረው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይልና ስለ አዛዡ ስለ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ነው።

ልዑል እስክንድር በ1926 ዓ.ም. ከልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴና ከራስ ደስታ ዳምጠው ተወለዱ። አባታቸው በደቡብ ጦር ግንባር ጠላትን ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። ልጁም አድገው በእንግሊዝ አገር ከተማሩ በኋላ በባሕር ኃይል አገልግሎት ተሠማሩ።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ የባሕር ጠረፍ አገኘች፤ ጠረፍም ያለ ጠባቂ አይኖርምና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ዋናው የጦር ሰፈር በምጽዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጅ በአስመራ ሆነ፤ የኖርዌይ መኮንኖችም በማሠልጠን ረዱ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችውና 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የጦር መርከቦቹ ሁሉ አለቃ ሆነች። ጠቅላይ አዛዡ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሆኑ፣ ልዑል እስክንድር ምክትል አዛዥ በመሆን ሥራውን ይመሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማስተዋል ወደ 1966 ዓ.ም. እንመለስ። በወሎ ረኀብ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር፤ የተራበውም ሕዝብ በዚሁ አውራ መንገድ ዳር ተሰብስቦ እርዳታ ይጠብቅ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ የወታደሩም ደመወዝ ከኑሮው ጋር አልመጣጠን አለ። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የሠፈሩ ወታደሮች በምግብና በመጠጥ ውሃ ምክንያት አመፁ። ነገሩ ትንሽ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነ። በየካቲት በአስመራ ያለው ጦር ተነሥቶ የሬዲዮ ጣቢያውን ያዘና ጥያቄውን ለአገሩ ሁሉ አሰማ። የምጽዋ መርከበኞችም ተከተሉ። ልዑል እስክንድር ያን ጊዜ በመርከብ ወደ ጅቡቲ ሸሹ፤ በነዚያው ቀናት የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ።

አንባብያን ሆይ፤ አንድ አዛዥ በገዛ ሰፈሩ ትእዛዙ የማይሰማው ስለ ምንድር ነው? መርከቡም ደንቡም ማዕረጉም እንደ ቀድሞው ነበሩ። የጐደለው ግን የበታቹ «አቤቱታዬን የሚሰማልኝ አለ» የሚለው እምነት ነው። አቤቱታ በመዝገብ ቤት ሲከማች ዝምታው እንደ ሰላም ይቈጠራል፤ ዝምታውም ሲሰበር ቀድሞ የሚወቀሰው ከፊት የቆመው አለቃ ነው። ይህ ለመርከበኛ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚሠራ ነገር ነው።

ሆኖም የሕዝብ ቅሬታ እውነተኛ መሆኑ ያለ ፍርድ መግደልን ትክክል አያደርገውም። ልዑሉ ኋላ በደርግ ታስረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን ምሽት ከሌሎች ባለ ሥልጣኖችና መኮንኖች ጋር ተረሸኑ። ዕድሜያቸው 40 ዓመት ነበር። ክስ አልተነበበላቸውም፤ መከላከያም አልተጠየቁም። ለአንዱ የተነፈገ ፍርድ ለሁሉም እንደ ተነፈገ የሚቀጥሉት ዓመታት በብዙ ደም አሳዩ።

ባሕር ኃይሉም ዕድሜው አልረዘመም። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ ተያዘች፤ በ1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ ኤርትራም በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ያለ ጠረፍ ቀረች። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይልን እንደ ገና የማቋቋም ሐሳብ ተነገረ። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ በአዛዥና በታዛዥ መካከል ያለው መተማመን ግን የሚገኘው በየዕለቱ በሚሰጥ ፍትሕ ነውና፣ አዲሱን የሚያቋቁሙ ሁሉ የ1966ን የካቲት ደጋግመው እንዲያስቡት ይገባል።