ለውጥ ስለሚለው ቃልና ስለ ዘመዶቹ

ልጆች ሆይ፥ የቃልን ሥር ሳያውቅ ስለ ነገር የሚከራከር ሰው ጥላን በበትር እንደሚመታ ሰው ነው። የሕያዋን ፍጥረት ባሕርይ በብዙ ትውልድ ውስጥ እየተለየ መሄዱን የሚናገረው ትምህርት በአማርኛ «ዝግመተ ለውጥ» ይባላል። ስለዚህ ትምህርት ከሚነሣው ክርክር ብዙው ቃሉን ካለማስተዋል የመጣ ነውና፥ አስቀድመን ቃሉንና ዘመዶቹን እንመርምር።

«ለወጠ» የምንለው ግስ በግእዝ «ወለጠ» ነው። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት «ውላጤ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ከዚሁ ሥር ይነበባል። በአማርኛ ግን «ወ» እና «ለ» ስፍራቸውን ተለዋወጡና «ለወጠ» ሆነ። ይህን ያዘዘ ንጉሥ፥ የቈረጠ ጉባኤም የለም፤ ልጅ ከአባቱ አፍ እየተቀበለ ሲናገር በጊዜ ብዛት ሆነ እንጂ። እንግዲህ ለውጥን የሚናገረው ቃል ራሱ ለለውጥ ምስክር ነው።

ነገር ግን በገበያ አንድ ሰው ገብሱን ሰጥቶ በቆሎ ቢቀበል «ለወጠ» እንላለን፤ ይህም በአንድ ቀን የሚፈጸም ነው። የፍጥረት ለውጥ እንዲህ ስላይደለ «ዝግመት» ተጨመረለት። «ዘገመ» ማለት ቀስ ብሎ ሄደ ማለት ነው፤ ከእርሱም «ዘገምተኛ» የሚለው ቃል ይወጣል። «ዝግመተ» ሲልም እንደ «ቤተ መንግሥት» በግእዝ ሥርዓት የተናበበ ነው፤ ትርጓሜውም «የለውጥ ቀስታ» ይሆናል።

ይህም ቃል ከ«እድገት» ይለያል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት የሚናገረው ስለ አንዲት ጫጩት እድገት ነው። አባ ጨጓሬም ቢራቢሮ ሲሆን መልኩ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ነገር ግን ይህ በአንድ ዕድሜ የሚፈጸም ነው፥ ልጁም እንደገና አባ ጨጓሬ ሆኖ ይጀምራል። ዝግመተ ለውጥ ግን የአንዱ አካል አይደለም፤ በትውልድ ላይ ትውልድ ሲተካ በወገኑ ሁሉ ላይ የሚታይ ነው። ስለዚህ «አንድ አውሬ አንድ ቀን ሌላ አውሬ ሆነ» የሚል ሰው ቃሉን አልተረዳም።

የፈረንጆቹ ቃል «ኢቮሉሽን» ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ የተጠቀለለ መጽሐፍን መዘርጋት ማለት ነበረ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን በ1859 በፈረንጆች ዓመት ስለ ፍጥረት ወገኖች አመጣጥ ያሳተመው መጽሐፍ በመጀመሪያ ኅትመቱ ይህ ስም አልነበረበትም፤ ከዚሁ ሥር የወጣ ግስ ብቻ የመጽሐፉ መጨረሻ ቃል ሆኖ ይገኛል። የተጠቀለለ መጽሐፍ ሲዘረጋ አስቀድሞ የተጻፈበትን ያሳያል፤ የአማርኛው ቃል ግን አካሄዱን ብቻ ስለሚናገር በዚህ ይሻላል።

የአርባ ምንጭ ልጅ ለዚህ ሁለት ምሳሌ በአጠገቡ አለው። አንዱ በጆሮው የሚሰማው ነው፤ የጋሞ፥ የጎፋ፥ የወላይታና የዳውሮ ቋንቋዎች እጅግ ይቀራረባሉ። ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ወጥተው፥ ሕዝቡ በየተራራውና በየሸለቆው ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ተለያዩ።

ሁለተኛው በጓሮ የሚታየው እንሰት ነው። የዱር እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ አልምቶ ዋና ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። «ለመደ» በግእዝም በአማርኛም አንድ ነው፤ በዕብራይስጥ ዘመዱ «ተማረ» ማለት ነው። «ለማዳ» ማለትም ከሰው ጋር መኖርን የተማረ ማለት ነው። «ዘር» ደግሞ ከግእዙ «ዘርእ» የመጣ ሲሆን በዕብራይስጥና በዐረብኛም ዘመዶች አሉት።

የጨንቻና የዶርዜ ገበሬ እንሰትን የሚያባዛው ከፍሬው አይደለም። የለጋውን ተክል ግንድ ቈርጦ ወፍራሙን ሥሩን ከፍግ ጋር ይቀብረዋል፤ ከዚያም ብዙ ቡቃያ ይወጣል፥ ሁሉም የእናቱን ባሕርይ ይይዛል። ከፍሬ የሚበቅለው ግን ከወላጆቹ ይለያል። ከዚህም ልዩነት ገበሬው የወደደውን መርጦ ስም ሰጥቶ ሲጠብቅ፥ ብዙ ዓይነት እንሰት ተገኘ። እንግዲህ የለውጥ እናቱ «ልዩነት» ነው፤ ሁሉ አንድ ከሆነ የሚመረጥ የለም።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። እንሰትን የሚያጠወልግ በሽታ አለ፤ በኢትዮጵያ መገኘቱ በ1968 በፈረንጆች ዓመት በሊቃውንት ተጻፈ። ይህ በሽታ አንዱን ዓይነት ፈጥኖ ሲገድል ሌላው ይበልጥ ይቋቋመዋል። ጓሮው በአንድ ዓይነት ብቻ የተሞላ ገበሬ በአንድ በሽታ ሁሉን ሊያጣ ይችላል፤ ልዩ ልዩ ዓይነት የተከለ ግን የሚተርፍለት አለው።

ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ የእንሰቶቻችሁን ስም ከእናቶቻችሁና ከአባቶቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስሙ ሲረሳ የሚፈልገው የለም፤ የሚፈልገው ያጣ ተክልም አይተከልም። አንድ ጊዜ የጠፋውን ዓይነት ለመመለስ የሰው ዕድሜ አይበቃም፤ ቃሉ እንደ ነገረን ለውጥ ዘገምተኛ ነውና።