የአጥቢያ ውኃ ታንከርን ማጠብና በክሎሪን ማከም

በዓመታዊ ክብረ በዓል ከአንድ ታንከር የሚጠጣው ምእመን ብዙ ነው። ታንከሩ ከተበከለ ኮሌራና ሌሎች የተቅማጥ በሽታዎች በአንድ ቀን ወደ ብዙ ቤት ይገባሉ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ከበዓሉ ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድሞ የሚከተለውን ሊያስፈጽም ይገባል።

በመጀመሪያ ታንከሩ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፤ ደለሉ ይጠረግ፤ ግድግዳውና ወለሉ በብሩሽ ታሽቶ ይለቅለቅ። ክሎሪን ኃይሉን በጭቃና በሽበት ላይ ከጨረሰ ተሕዋስያንን ለመግደል አይተርፍምና ይህ ሥራ አይዘለል። ወደ ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ካለ ክዳኑ ክፍት ይሁን፤ ሌላ ሰውም በደጅ ይጠብቀው።

ቀጥሎ ታንከሩ እስከ ሩብ ይሞላ። ከ65 እስከ 70 በመቶ ኃይል ያለው የክሎሪን ዱቄት፣ ለእያንዳንዱ 1000 ሊትር የታንከሩ መጠን 80 ግራም ተመዝኖ፣ በባልዲ ውኃ ተበጥብጦ ይጨመር። ባለ 5000 ሊትር ታንከር 400 ግራም ይፈልጋል ማለት ነው። ዱቄቱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም። ጓንትና የዐይን መከላከያ ይደረግ፤ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀልም ፈጽሞ አይፈቀድም። ከዚያ ታንከሩ እስከ አፉ ይሞላ፤ ቧንቧዎቹ የክሎሪን ሽታ እስኪሰጡ ተከፍተው ይዘጉ፤ «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍም ተለጥፎ 24 ሰዓት ይቆይ።

በመጨረሻ ውኃው ከወንዝና ከአትክልት ርቆ ይደፋ። ታንከሩ በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ የጤና ባለሙያ ቀሪውን ክሎሪን ይለካ፤ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ገደማ ከሆነ ለመጠጥ ይበቃል። ሽታው እጅግ ከበረታ ተደፍቶ እንደገና ይሞላ። የታጠበበት ቀንና የልኬቱ ውጤት በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ የክዳኑ ቁልፍም በኃላፊነት ለአንድ ሰው ይሰጥ።