ባቲን በኖታ ለሚጽፉ

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በገበያዎቹ ይታወቃል፤ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ። የባቲ ስም ግን ገበያዋን ረግጠው የማያውቁ ሙዚቀኞችም አፍ ላይ አለ፤ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነውና። ይህን ቅኝት በኮምፒውተር ኖታ ማስፈር የሚሻ ወጣት ዛሬ ገንዘብ አይጠየቅም። ሚዩዝስኮር የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል፤ የጻፉትን ኖታም መልሶ ያሰማል።

ችግሩ በኢንተርኔት እርዳታ ሲጠየቅ ይመጣል። «ባቲ ስጽፍ ይበላሽብኛል» ተብሎ የስክሪን ፎቶ ይላካል። ማን ይመልሰው? ሜጀሩ ነው ማይነሩ? መነሻውስ የቱ ድምፅ ነው?

ባቲ ማይነር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። ብዙዎች «ማይነር» መባሉን ይዘው የዶ ማይነርን ሦስት ፍላቶች መስመሩ ራስ ላይ ይደረድራሉ። ሦስተኛው የላ ፍላት ነው፤ ላ ደግሞ በዚህ ባቲ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሁለቱ ይበቃሉ። ታዲያ ሁለት ፍላት ያየ የውጭ አገር ሙዚቀኛ የሲ ፍላት ሜጀር ወይም የሶል ማይነር ዜማ ነው ብሎ፣ በቅንነት፣ የማይሆን ምክር ይሰጣል። ጠያቂው «አምስት ድምፅ ብቻ ነው፣ ማረፊያው ዶ ነው» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

አንቺ ሆዬ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል። በተለመደው የምዕራባውያን አደራደር ፍላቶች የሚመጡት በተራ ነው፦ ሲ፣ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል። ሶል ላይ ለመድረስ ላን ዝቅ ማድረግ ግድ ነው፤ አንቺ ሆዬ ግን ላን ዝቅ ሳትል ነው የምትፈልገው። ስለዚህ አስቀድመው ከተዘጋጁት የፍላት ድርድሮች ውስጥ የሚስማማት አንድም የለም። ሚዩዝስኮር ደግሞ ማስተር ፓሌት በተባለው ክፍሉ ውስጥ የሬንና የሶልን ፍላት ብቻ የያዘ የራስን ምልክት ያሠራል። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል፤ የሚነካው ግን ጥቂት ሰው ነው።

«ድምፁ ከክራሬ ጋር አይገጥምም» የሚለው ስሞታም የፕሮግራሙ ብልሽት አይደለም። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ እኩል 100 ሴንት አድርጎ ያሰማል፤ ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው። የአንዱን ኖታ ድምፅ ለብቻው በጥቂት ሴንት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

እርዳታ ፈላጊ ፎቶውን ትቶ ፋይሉን ራሱን ይላክ፤ የሚዩዝስኮር ሦስተኛውና አራተኛው እትም አቀማመጣቸው ስለሚለያይ የትኛውን እንደሚጠቀምም ይንገር። ረጂው ሌላ ፕሮግራም ካለው ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል የተባለው የፋይል ዓይነት ያገናኛቸዋል። በፊናሌ የጻፉ ደግሞ አይዘግዩ፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ይህ ፕሮግራም እድገቱ በነሐሴ 2024 ቆሟል፤ ኮምፒውተራቸው እስከከፈተው ድረስ ሥራዎቻቸውን ወደ ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ይቀይሩ።