ብረት በፕላቲነም ፋንታ፤ ከውሃ የሚገኘው ሃይድሮጂንና የማዳበሪያ ዋጋ

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ በአይከል ዙሪያ ያለው ገበሬ በእርሻው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። የዩሪያ ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚለው ግን በአብዛኛው ሃይድሮጂን የተባለው ጋዝ በሚወጣበት ነዳጅ ዋጋ ምክንያት መሆኑን ብዙ ነጋዴ ልብ አይለውም።

ዩሪያ ከአሞንያ ይሠራል፤ አሞንያም ከአየር ከሚገኝ ናይትሮጂንና ከሃይድሮጂን ነው። በአንድ ቶን አሞንያ ውስጥ 176 ኪሎ ያህል ሃይድሮጂን ይገኛል። ይህንንም ፋብሪካዎች የሚያወጡት በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ውል የተፈረመለት የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካም የታቀደው በኦጋዴን ጋዝ እንዲሠራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ አሳልፎ ሃይድሮጂንን ከኦክሲጂን መለየት ነው። በግብጽ የአስዋን ማዳበሪያ ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓባይ ውሃ ኃይል ይህን ሲሠራ ቆይቶ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ተዛውሯል።

ኤሌክትሪኩ እንዳይባክን ሃይድሮጂን በሚወጣበት ሰሌዳ ላይ ሥራውን የሚያፋጥን ነገር ያስፈልጋል። ከሁሉ የላቀው ፕላቲነም ነው፤ ነገር ግን ብርቅ ነው፤ አብዛኛውም የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ይህንኑ ሥራ በተራ ብረት ያከናውናሉ። በ1998 እና በ1999 እ.ኤ.አ. የዚህ ረቂቅ አካል ቅርጽ ሲገለጥ በመካከሉ ሁለት የብረት አቶሞች ተገኙ። ከዚያም ወዲህ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ብረትን፣ ዕንቁ በቀለበት ላይ እንደሚሰካ፣ በድኝና በካርቦን ውሑዶች መካከል እያስገቡ አምሳያውን ይሠራሉ።

ይሁን እንጂ ጉድለቱ መታወቅ አለበት። ብዙዎቹ አምሳያዎች ቶሎ ይፈርሳሉ፤ ኦክሲጂን ይጎዳቸዋል፤ አንዳንዶቹም ከፕላቲነም የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈጃሉ። ኦክሲጂን ለሚወጣበት ሰሌዳም ሌላ አፋጣኝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሩ ገና ከላቦራቶሪ አልወጣም።

ከሁሉም በላይ ብረት የፕላቲነምን ወጪ ቢያስቀርም የኤሌክትሪኩን ሒሳብ አያስቀርም። ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፣ ለአንድ ቶን አሞንያም ወደ 9,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠፋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ቢኖር፣ አስመጪው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም አፋጣኙ ስንት ሰዓት እንደሚጸናና በአንድ ኪሎ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ነው። ዋጋው ከዚያ በኋላ ይመጣል።